ስልክ ቁጥሩን ፎቶ ውስጥ አትደብቁት

ዛሬ የማነሳው ነገር ከመብትና ከጤና የራቀ ይመስላል። ስለ ፎቶ ነው፤ ስለ ፎቶ መጠንና ዓይነት። «እኛ ደመወዝ ተይዞብን አንቺ ስለ ፎቶ ታወሪያለሽ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ታገሡኝ። በእኔ እምነት በአረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠራ ሴት መረጃ እንዳይደርሳት ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ከባድ ፎቶ ነው። በእጇ ያለው ማስረጃ እንዳይነበብ ከሚያደርጉት አንዱ ደግሞ ከመጠን በላይ የተጨመቀ ፎቶ ነው።

ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጠው። ለሰው ለማሳየት የሚለጠፍ ፎቶ ቀላል ይሁን። ለማስረጃ የሚቀመጥ ፎቶ ሙሉ ይሁን። በችግር ሰዓት የሚያስፈልግ ቃልና ቁጥር ደግሞ ፎቶ ውስጥ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ግን ግልባጩን ነው። ስልክ ቁጥሩን በትልቅ ፖስተር ላይ እንጽፈዋለን፤ ኮንትራቱን ደግሞ እንዳይነበብ አድርገን እንልከዋለን።

እኔ ቤይሩት ውስጥ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ለእህቶች የጤና ምክርና ማስታወቂያ የሚያዘጋጁ ልጆችን አግዛለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ፤ ከሚያነቡትም፣ ከሚለጥፉትም ጋር ሆኜ።

ስልኩን የምንከፍተው መቼ ነው?

መረጃ አዘጋጅቶ የሚለጥፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ስክሪንና ፈጣን ዋይፋይ አለው። እኛስ? ሥራ አልቆ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው ስልክ የምናነሳው። ማዳም የዋይፋዩን ፓስዎርድ የቀየረችባት አለች። ስልኳ የሚሰጣት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሆነች አለች። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ድምፁን አጥፍታ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ የምታይ አለች። ዳታው በካርድ የተሞላ ነው፤ ካርዱ ደግሞ ከደመወዝ ላይ ነው።

እንዲህ ያለችው እህት አንድ ገጽ ከፍታ ነጭ ሳጥን ብቻ ካየች፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ክብ ነገር ሲሽከረከር ከቆየ፣ ደግማ አትሞክርም። ገጹ ላይ ያለው ምክር የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለእሷ የለም ማለት ነው።

ከባድ የሚሆነው ለምን እንደሆነ ላስረዳ። 12 ሜጋፒክስል የሚባለው የተለመደ የስልክ ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 12 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዷ ነጥብ ፒክስል ትባላለች። እንዲህ ያለ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። የብዙዎቻችን ስልክ ስክሪን ወርዱ ግን 720 ወይም 1080 ፒክስል ነው። ስለዚህ 3000 ፒክስል ወርድ ያለው ፎቶ ገጽ ላይ ሲቀመጥ፣ ስልካችን ሁሉንም አውርዶ፣ ዳታውን በልቶ፣ በመጨረሻ አሳንሶ ያሳየናል። ዓይናችን ላላየው ነገር ከፍለናል። ለአንድ ሲኒ ቡና አንድ ኩንታል እንደመቁላት ነው።

ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ገጽ ላይ አሥር ፎቶ ቢኖርና እያንዳንዱ 4 ሜጋ ቢሆን 40 ሜጋ ነው። እነዚያው አሥር ፎቶዎች ወርዳቸው ወደ 1000 ፒክስል ቢወርድና እያንዳንዳቸው 100 ኪሎባይት ቢሆኑ፣ አንድ ላይ 1 ሜጋ ገደማ ናቸው። በትንሽ ስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። በካርዷ ላይ ግን አርባ እጥፍ ነው። ዋትስአፕና ቴሌግራም ላይ ፎቶ ስንልክ አፖቹ ራሳቸው ያሳንሱልናል። ዌብሳይት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያዘጋጀው ሰው ካላሳነሰው የሚያሳንሰው የለም።

አማርኛው ለምን ፎቶ ውስጥ ገባ?

ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለብዙ ዓመታት ስልኮች ፊደላችንን አያሳዩም ነበር። አማርኛ ስንልክ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ይመጣ ነበር። ስለዚህ ሰዉ መላ አበጀ፤ ኮምፒውተር ላይ ይጽፍና ፎቶ አድርጎ ይልካል። በጊዜው ጥሩ መላ ነበር።

ዛሬ ግን አሁን ገበያ ላይ ያሉት ስልኮች አማርኛን ያሳያሉ፤ ኪቦርዱም በነፃ ይገኛል። መላው ግን ልማድ ሆኖ ቀረ። አሁንም «አስቸኳይ ማስታወቂያ ለእህቶች» የሚለው ነገር ቀይና ቢጫ ፖስተር ሆኖ ነው የሚመጣው። ቁጥሩም፣ አድራሻውም፣ ምክሩም እዚያው ፎቶ ውስጥ ተቀብሯል።

ጽሑፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ የአማርኛ ፊደል ሲቀመጥ 3 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። 300 ፊደል ያለው መልእክት፣ ማለትም ስልክ ቁጥርና አራት አምስት ዓረፍተ ነገር፣ 1 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። ያው መልእክት 2 ሜጋባይት ፖስተር ላይ ሲጻፍ ሁለት ሺህ እጥፍ ከበደ ማለት ነው። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቤት ውስጥ ጽሑፉ ይገባል፤ ፖስተሩ ይቀራል።

ክብደቱ ብቻ አይደለም። በጽሑፍ የመጣን ቁጥር በጣት ነክቶ መደወል ይቻላል። ኮፒ ማድረግ ይቻላል። ከስድስት ወር በኋላ «ኤምባሲ» ብሎ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ማንበብ የሚያስቸግራት እህት ስልኳ ጮክ ብሎ እንዲያነብላት ማድረግ ትችላለች፤ አማርኛ የሚያነቡ አፖች አሉ። ፎቶ ውስጥ ያለን ቁጥር ግን በአንድ እጅ ስልኩን ይዘሽ፣ በሌላው ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ ከዚያ መልሰሽ መምታት አለብሽ። በር ላይ ሰው ቆሞ እያለ ይህን ማን ያደርጋል?

ሌላም አለ። ፎቶ ሲደበዝዝ ቁጥሩ ይምታታል። የኩዌት ኮድ 965 ነው፣ የሳዑዲ 966፣ የኦማን 968። 5፣ 6 እና 8 በደበዘዘ ፖስተር ላይ አንድ ይመስላሉ። አንዷን ቁጥር ማሳሳት ማለት ሌላ አገር መደወል ማለት ነው። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ዓይነት የሚያሳንሰው ዓይን ብዙም ልብ የማይለውን ዝርዝር እየጣለ ነው። ለፊትና ለመልክዓ ምድር ጥሩ ነው። የፊደልና የቁጥር ጠርዝ ላይ ግን ጭጋግ ያመጣል። ፖስተሩን ስክሪንሾት አንስተን፣ ከአንዱ አፕ ወደ ሌላው አዛውረን፣ እንደገና ሴቭ ባደረግነው ቁጥር ሌላ ነገር ይጥላል። አምስተኛዋ እህት ጋ ሲደርስ ቁጥሩ የሚነበበው በግምት ነው።

ፖስተር ደግሞ አይታረምም። ቁጥሩ ቢቀየር፣ ቢሮው ቢዘጋ፣ ያ ፎቶ ከስልክ ስልክ ለዓመታት ይዞራል። ብዙዎቹ ላይ ቀን እንኳ የለም።

ከጤና በኩል ምሳሌ ላምጣ። የፈላ ውሃ ወይም ዘይት እጇ ላይ ለተደፋባት እህት የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው፦ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር አድርጉ፤ በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፤ ቀለበትና ጠባብ ልብስ ሳያብጥ በፊት አውልቁ። ሌላው፦ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። እነዚህ ጥቂት መስመሮች ናቸው። በጽሑፍ ሲሆኑ ወዲያው ይከፈታሉ። የተቃጠለች ሴት ፖስተር እስኪከፈት የምትጠብቅበት ምንም ምክንያት የለም።

«ማንበብ የማይችሉስ?»

ይህን ሐሳብ ሳነሳ ሁልጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ከመካከላችን ትምህርት ቤት ሳይጠግቡ የመጡ ብዙ ናቸው። አማርኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነም አሉ። ለእነሱ ሥዕል ከጽሑፍ ይሻላል፤ በዚህ እስማማለሁ። «ፎቶ ይጥፋ» የሚል ሐሳብ የለኝም።

ግን ፖስተሮቹን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። አብዛኞቹ ሥዕል አይደሉም፤ ጽሑፍ ናቸው። ሃያ መስመር ጽሑፍ ባለቀለም ጀርባ ላይ። ማንበብ ለማትችለዋ እህት አይጠቅሙም፤ ማንበብ ለምትችለዋም አስቸጋሪ ናቸው። ለማታነበው እህት የሚያስፈልጋት እጅ ውሃ ሥር ሲያዝ የሚያሳይ አንድ ግልጽ ሥዕልና በራሷ ቋንቋ የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ነው። የአንድ ደቂቃ የዋትስአፕ ድምፅ ደግሞ ከአንድ ከባድ ፖስተር ያነሰ ዳታ ነው የሚበላው። ሥዕል የሥዕልን ሥራ ይሥራ፤ ጽሑፍም የጽሑፍን።

ለመለጠፍ፦ የቱን ዓይነት፣ ምን ያህል?

ብዙዎቻችሁ የቡድን ገጽ ወይም ቻናል አላችሁ፤ ሼር የማታደርግ ደግሞ የለችም። ስለዚህ ይህ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

የሰው፣ የቦታ፣ የዕቃ ፎቶ ከሆነ ጄፔግ ይበቃል። ወርዱ ከ800 እስከ 1080 ፒክስል፣ ክብደቱ ከ100 እስከ 200 ኪሎባይት ከሆነ ለስልክ በቂ ነው። ቀለሙ ጥቂት የሆነ ሥዕል፣ ካርታ ወይም ፊደል ያለበት ምልክት ከሆነ ፒኤንጂ ይሻላል፤ ጠርዙን አያደበዝዝም። ተራ ፎቶን በፒኤንጂ ማስቀመጥ ግን ሳያስፈልግ ያከብደዋል። ዌብፒ የሚባለው አዲሱ ዓይነት በተመሳሳይ ጥራት ከጄፔግ ቀለል ይላል፤ ዌብሳይት የምትሠሩ ልጆች ይህን ተጠቀሙ።

አይፎን የያዛችሁ ደግሞ፣ ከ2017 ጀምሮ የአይፎን ካሜራ ሄይክ በሚባል ዓይነት ነው ፎቶ የሚያስቀምጠው። ቦታ ይቆጥባል፤ ግን አንዳንድ ስልክና ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ የሚለውን ነክታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በኋላ የምታነሱት ጄፔግ ይሆናል።

ፎቶ ለማሳነስ ሌላ አፕ ማውረድ አያስፈልግም። ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ መሴጅስ» ወደሚለው የራሳችሁ ቦታ እንደ ፎቶ ላኩትና መልሳችሁ አውርዱት። በተለመደው አላላክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፤ ክብደቱም አብሮ ይወርዳል። ይህ ለሚለጠፍ ፎቶ በቂ ነው።

ለማስረጃ፦ እንዳለ ይቀመጥ

አሁን ነገሩ ይገለበጣል። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለሚለጠፍ ፎቶ ነው። ኮንትራት፣ ፓስፖርት፣ ኢቃማ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የሐዋላ ደረሰኝ፣ የሐኪም ማዘዣ ሲሆን ግን አታሳንሱ።

ለምን? የኮንትራቱ አረብኛ ስለሆነ። በአረብኛ ብዙ ፊደላት የሚለያዩት ከላይ ወይም ከታች ባለች ነጥብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ደግሞ የባሰ ነው። በብዙ የአረብ አገር ወረቀት ላይ ዜሮ የምትጻፈው እንደ ነጥብ ነው። የተጨመቀ ፎቶ ላይ ነጥቧ ከጠፋች 1000 የነበረው 100 ይመስላል። የ2 እና የ3 ልዩነትም አንዲት ትንሽ ጥርስ ናት። ደመወዜ ተቀንሷል ብላ ለምትከራከር ሴት ያቺ ነጥብ የወራት ላቧ ናት። የሚያግዛት ሰው ፎቶውን አጉልቶ ሲያይ ጭጋግ ብቻ ካገኘ፣ «ግልጹን ላኪልን» ይላታል። ወረቀቱ ግን በከፊሏ እጅ ነው፤ ሁለተኛ ላታገኘው ትችላለች።

ስለዚህ ወረቀቱ እጃችሁ በገባበት በዚያች ደቂቃ በትክክል አንሱት። ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት ቢሆን ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ወረቀቱን ጠረጴዛ ወይም ወለል ላይ ዘርጉት፤ በመስኮት ብርሃን እንጂ በፍላሽ አታንሱ፤ ፍላሹ መሐሉን ነጭ ያደርገዋል። አራቱም ማዕዘን ይታይ። አንድ ገጽ ለአንድ ፎቶ። ከዚያ ትንሿን ፊደል አጉልታችሁ አንብቡ። እናንተ ካላነበባችሁት ሌላውም አያነበውም። መድኃኒት ከሆነ ስሙ ብቻ አይበቃም፤ ሚሊግራሙና የሚያበቃበት ቀንም ይታይ።

ስትልኩ ነው ዋናው ቁም ነገር። ዋትስአፕ ላይ በፎቶ ምልክቱ ከላካችሁት ይጨመቃል። ከ2023 ወዲህ «ኤችዲ» የሚል ምርጫ መጥቷል፤ ይሻላል፣ ግን እሱም ያሳንሳል። ሳይነካ እንዲደርስ የማያያዣውን ምልክት ነክታችሁ «ዶክዩመንት» በሚለው ላኩት። ቴሌግራም ላይ «ፋይል» በሚለው ነው። ገጹ ብዙ ከሆነ ስልካችሁ ላይ ባለው ስካነር ወደ አንድ ፒዲኤፍ ሰብስቡት፤ ቅደም ተከተሉ አይበተንም፤ ፎቶዎቹን ግን አታጥፏቸው። ስክሪንሾትም ኦሪጅናሉን አይተካም፤ ስክሪናችሁ ያሳየውን ያህል ብቻ ነው የሚይዘው።

ስልክ ደግሞ ይወሰዳል፣ ይሰበራል፣ ውሃ ይገባዋል። ለምታምኗት አንዲት እህት ወይም አገር ቤት ላለ ሰው ላኩ፤ ኢሜይላችሁም ውስጥ አስቀምጡ። የኢሜይሉን ፓስዎርድ በቃላችሁ ያዙ።

ፓስፖርትን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የፓስፖርቱ ፎቶ ፓስፖርቱን አይተካም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ በአንቀጽ 9 ሠራተኛዋ ፓስፖርቷንና መታወቂያዋን በራሷ እጅ የመያዝ መብት እንዳላት ይናገራል። ኩዌት በ2015 ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ አሠሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን መያዝ እንደማይችል ይደነግጋል። መብቱ ወረቀት ላይ አለ። በተግባር ግን ፓስፖርቷ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈባት ሴት ቁጥሩን፣ የወጣበትንና የሚያበቃበትን ቀን የሚያሳይ ግልጽ ፎቶ ካላት፣ ኤምባሲ ስትደርስ ማንነቷን ለማስረዳት ትልቅ እገዛ ነው።

ሁለቱን ስናምታታ የሚመጣ አደጋ

ሙሉው ፎቶ ከሥዕሉ ሌላ የሚሸከመው ነገር አለ። የካሜራው ሎኬሽን ተከፍቶ ከሆነ ፎቶው የተነሳበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ፋይሉ ውስጥ ይመዘገባል። ለማስረጃ ይህ ጥሩ ነው፤ «መቼ ተነሳ?» ሲባል መልስ አለው። እንደ ፋይል ስትልኩት ይህ መረጃ አብሮ ይሄዳል። እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩት ግን ዋትስአፕና ቴሌግራም ሲጨምቁት ብዙውን ጊዜ ያጠፉታል።

ስለዚህ ሙሉውን ፋይል ጉዳያችሁን ለያዘው ለምታምኑት ሰው ብቻ ላኩ። ከቤት ጠፍታ የተሸሸገች እህት ሙሉ ፋይሉን በቡድን ብትለጥፍ ያለችበትን ቤት እየጠቆመች ነው። ለሕዝብ የሚወጣ ከሆነ ትንሹ፣ የተጨመቀው ይሁን፤ የፓስፖርት ቁጥር፣ የትውልድ ቀንና ፊት ይሸፈን። ስትሸፍኑ በስልኩ ማርከር ብሩሽ አትቀቡ፤ አንዳንዱ ቀለም ስለሚያሳልፍ ብርሃኑን ጨምሮ ከሥሩ ማንበብ ይቻላል። ደፋን ጥቁር ሳጥን አድርጉበት፣ ወይም ያንን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት።

ስለ ሰው ፎቶም ተጠንቀቁ። የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ2007ቱ፣ በስልክ ካሜራ የሰውን ግላዊ ሕይወት መድፈር እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ያስከትላል ይላል። የኤምሬትስም የ2021 ሕግ ያለ ፈቃድ የሰው ፎቶ ማንሳትንና ማሰራጨትን ይቀጣል። ስለዚህ የማዳምን ፊት፣ የልጆቹን ፎቶ፣ የቤቱን ውስጥ ቲክቶክ ላይ መለጠፍ፣ በደል ደርሶብሽም ቢሆን፣ አንቺን ተከሳሽ ሊያደርግ ይችላል። የራስሽን ወረቀት፣ የራስሽን ቁስል አንሺ፤ ለሚመለከተው ሰው በግል ላኪ።

ለሚያዘጋጁልን ሰዎች

ለእኛ ብለው ዌብሳይት፣ ቻናልና መመሪያ የሚያዘጋጁትን ሁሉ አከብራለሁ፤ ብዙዎቹ በነፃ ነው የሚሠሩት። አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ። የሠራችሁትን ነገር በአዲሱ ስልካችሁና በቢሮ ዋይፋይ ብቻ አትዩት። ርካሽና አሮጌ ስልክ ፈልጉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ በካርድ ዳታ ክፈቱት። ቁጥሩ ከፎቶው በፊት ታየ? ፎቶው ባይከፈትስ ገጹ ይነበባል? ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ «በዚህ ሥዕል ላይ ያለው ይህ ነው» የሚል አጭር መግለጫ በጽሑፍ አስገቡ፤ ፎቶው ሲቀር እሱ ይታያል፤ ዓይኗ ለደከመ እህትም ስልኩ ያነብላታል። ቁጥር ስትጽፉ ከነአገር ኮዱ፣ ከነተጻፈበት ቀን ጻፉ።

ገጹ ላያምር ይችላል። ይሁን። እኔ ከማያምር ገጽ የማይከፈተው ነው የሚያሳስበኝ። ለጋስ ድርጅት ፊት የሚቀርብ ቆንጆ ፖስተር ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊት በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚነበብ ቁጥር ሌላ ነገር ነው።

ለእናንተም እህቶች የማቀርበው ትንሽ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የእርዳታ ቁጥር ያለበት ፖስተር ሲደርሳችሁ ዝም ብላችሁ ሼር አታድርጉት። መጀመሪያ ደውሉበት፤ የሚሠራ ከሆነ ከሥሩ በጽሑፍ ጻፉት፦ የማን እንደሆነ፣ ቁጥሩ፣ የየት አገር እንደሆነ፣ ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ። አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ያንን መስመር የምትጠብቅ፣ ፖስተሩ ያልተከፈተላት አንዲት እህት የሆነ ቤት ውስጥ አለች።